እንየው

ሐምሌ አሥራ ሰባት፣ ማራኪ ግቢ ውስጥ፣
ዝናብ ቆርቆሮው ላይ እንደሚፈስ ሰሊጥ፣
«ኤ»ዋ የተፋቀች የቁልፍ ገበታ ፊት፣
ተራዬ ደርሶኛል፤ ያለኝ አንድ ሰዓት።

«ቆላ አዛር» ብዬ ጻፍሁ በፈረንጅ ፊደል፣
ጠበቅሁት፤ ክቧ ነገር ስትንከባለል፣
ከዚያ ቁጥር መጣ፦
አሥራ ስምንት ሺህ ከሦስት መቶ ጣጣ።

ይህ ሁሉ ወረቀት፣ ይህ ሁሉ ያወቀ፣
እኛ ደጅ ሳይደርስ የት ላይ ነው ያለቀ?

ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ የክፍሉ ኃላፊ፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ባጠገቤ አላፊ፣
ጎንበስ አለችና፦ «ልጄ፣ በዝቶብሃል፤
በዚህ አያያዝህ ሽበት ያገኝሃል።
በወንፊቱ ንፋው፤ ይኸውልህ በግራ፣
ዘመን አለ፣ ቦታ፣ ዕድሜ፣ በየተራ።
ሁለት ቃል ከሆነ በትእምርተ ጥቅስ ጥመድ፣
ያልተጠመደ ጥንድ ለየብቻው ነው 'ሚሄድ።»

ጠመድሁት። ወረደ። ስድስት ሺህ ዘጠና።
ሕንድን አስወጣሁት። ብራዚልን። ገና።
«ኢትዮጵያ» ብለው አራት መቶ አሥር፣
«መተማ» ስጨምር ሰማንያ ሲቀር፣
ደስ አለኝ። ከዚያ አፈርሁ። ምንድን ነው ደስታዬ፣
ሰው ስቀንስ ውዬ?

ዓመት ይጠይቃል፦ ከስንት እስከ ስንት?
እሱ የመጣበት ሁለት ሺህ አምስት፤
ሰባት ደመርሁበት፣ ለፈረንጅ አቆጣጠር፣
ስምንት ይሻላል፤ ጥር ነው፤ ዘመኑ ይሻገር።
ጾታው፦ ወንድ። ሥራው፦ የቀን ሠራተኛ።
«ሰሊጥ አራሚ» የሚል ሳጥን የለም ለእኛ።
ዕድሜ ላይ ቆምሁ። እናቴ «አሥራ ዘጠኝ» ትላለች፤
ለቀጣሪው የሰጣት ሃያ ሦስት ነበረች።
«ከ» እና «እስከ» የሚል አለ፤ ሁለቱንም ያዝሁ።

«ለመስቀል» ብሎኝ ነው የሄደው ታናሼ፣
አዘዞ መገንጠያ፣ ሸኘሁት ከንፈሬን ነክሼ፤
የመጣው በጥር ነው፣ ሆዱ ተነፍቶ፣
«ወባ ነው» እያሉት ሦስት ወር ተኝቶ።
አልጋው ዳር፣ ሆስፒታል፣ አንድ ወጣት ሐኪም
ይጠይቀው ነበር፤ ሲጽፍ እጁ አይደክም።
ምን ነበር የጻፈው? እሱን ነው ፍለጋዬ፣
ዓመታት የከረመ የሆድ ውስጥ ጥያቄዬ።

ሃያ ሁለት ቀረ። ዘጠኝ። ሦስት። አንድ።
ሰርካዲስ መጣችና «እስኪ» አለች፣ «እንየው።»

እንየው።
ስሙን የጠራች ነው የመሰለኝ፤ እንየው ነበር የሚባለው።
ጻፍሁት፣ በላቲን፣ በጥቅስ ጠምጄ።
ዜሮ። «ምናልባት ሌላ ቃል ሊጽፉ ነበር?» ይላል፣ እንደ ወዳጄ።

ስሙን ሰረዝሁ። አንዷ ወረቀት ተመለሰች።
ሠንጠረዥ አራት፣ ረድፍ አሥራ አንድ፦
ወንድ። ሃያ ሦስት። ከመተማ። ዘግይቶ የመጣ።
በመጨረሻው ዓምድ፣ «ውጤት» በሚለው ሥር፦ ሞት።

ውጤት ሳጠብብ ዋልሁ።
ጠበበ፣ ጠበበ፣ ይኸው ውጤት።

ወይም የሌላ ሰው ታናሽ ነው፤ ምን አውቃለሁ፣
ለቀጣሪ ሲል ዕድሜ የጨመረ እሱ ብቻ አይደለም።
ሰሊጥ የነፋ ሰው ያውቀዋል ነገሩን፦
ወንፊት ላይ የሚቀረው ገለባው ነው፣
ፍሬው ሾልኮ ይወርዳል።
እኔ የቀረውን ሳይ ነው የዋልሁ።

ሰዓቴ አለቀ። ከኋላዬ የቆመችው ልጅ ተቀመጠች፤
የሽንብራ በሽታ ነው የምትፈልገው። ጻፈች።
ዜሮ።
«ወንድሜ» አለችኝ፣ ወደ ግራው እያሳየች፣ «ይህ ምንድን ነው?»
ሳላነሣው የቀረ ማጣሪያ፦ ወንድ፣ መተማ፣
ከአሥራ ዘጠኝ እስከ ሃያ ሦስት።

«አጥፊው» አልኋት።

በሩ ጋ ስደርስ ሰማሁት፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ
ቀጭ ሲል።